«እኩል» የምትለው ቃል ወዴት ሄደች? የኦፍሳይድ ሕግ ታሪክና የቪዲዮ ዳኝነት

አማርኛችን በችሎት የሚሰየመውንም፣ በእግር ኳስ ሜዳ ፊሽካ የሚነፋውንም ሰው በአንድ ስም «ዳኛ» ብሎ ይጠራዋል። እንግሊዞች ለሁለቱ የተለያየ ስም አላቸው። የእኛ ቋንቋ ሁለቱን አንድ ማድረጉ ግን ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ሁለቱም የተጻፈ ሕግ ተሰጥቷቸው፣ በአንቀጹና በዓይናቸው ፊት በሆነው ነገር መካከል ያለውን ክፍተት በኅሊናቸው ይሞሉ ዘንድ አደራ የተጣለባቸው ሰዎች ናቸው። ስለሆነም ስለ ሕግና ስለ ሥልጣን መጻፍ በተለመደበት በዚህ ገጽ ዛሬ ስለ ኦፍሳይድ መጻፌን አንባቢ እንደ ጨዋታ ብቻ እንዳይቆጥርብኝ አሳስባለሁ።

ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ አጭር ነው። አንድ ሕግ የቃሉ ፍሬ ነገር ሳይነካ፣ ማንም ድምፅ ሳይሰጥበት ሊሻር ይችላልን? በእኔ እምነት ይችላል። ምስክሬም በ1990 ወደ ኦፍሳይድ ሕግ የገባችውና የመለኪያው መሣሪያ ከመጣ ወዲህ ከሜዳ የጠፋችው «እኩል» የምትል አንዲት ቃል ናት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሾልኮ የገባ ሰው

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የእንግሊዝ ባለጸጎች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የኳስ ጨዋታ፣ የየራሳቸውም ሕግ ነበራቸው። ዛሬ ኦፍሳይድ የምንለው ጥፋት በኢተን ኮሌጅ ይጠራ የነበረው «ሾልኮ መግባት» እንደ ማለት ባለ ቃል ነው። «ኦፍሳይድ» የሚለው ስያሜ ራሱም ከወገኑ ተነጥሎ የሄደን ሰው ያመለክታል። ከዚህ የምንረዳው፣ ሕጉ ሲወለድ የርቀት ሕግ ሳይሆን የጠባይ ሕግ እንደ ነበር ነው። የተከለከለው ባልደረቦቹ በላብና በግፊያ ኳሱን እስኪያመጡለት ድረስ ከባላጋራ ጀርባ አድብቶ መጠበቅ ነበር። ለዘመኑ ወጣት መኳንንት ይህ የወንድ ሥራ አልነበረም።

የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጥቅምት 26 ቀን 1863 ለንደን ውስጥ ፍሪሜሰንስ ታቨርን በተባለ መጠጥ ቤት ተመሠረተ። በታኅሣሥ ወር ያጸደቀው ስድስተኛ ሕግ እጅግ ጥብቅ ነበር። ኳሱ ሲመታ ከኳሱ ይልቅ ለባላጋራ የግብ መስመር የቀረበ ተጫዋች ሁሉ ከጨዋታ ውጪ ነበር ማለት ይቻላል። ወደ ፊት ኳስ ማቀበል አይታሰብም። ራግቢ ዛሬም የሚጫወተው በዚሁ መንፈስ ነው። በአንጻሩ በሰሜን እንግሊዝ በሸፊልድ ከተማ በ1858 የተጻፈው ሕግ ኦፍሳይድ የሚባል ነገር አልነበረውም። ሁለቱ ሥርዓቶች ለዓመታት ጎን ለጎን ሲኖሩ ቆይተው በ1877 በለንደኑ ሕግ ተጠቃለሉ።

ለንደን ግን ከዚያ አስቀድማ ራሷን አለዝባ ነበር። በ1866 አጥቂው በእሱና በግብ መስመሩ መካከል ሦስት ተጋጣሚዎች እስካሉ ድረስ ወደ ፊት የተላከለትን ኳስ መቀበል ተፈቀደለት። በዚህች ማሻሻያ ምክንያት እግር ኳስ ከግፊያ ወደ ቅብብል ተሸጋገረ። ኅዳር 30 ቀን 1872 ስኮትላንድና እንግሊዝ በግላስጎ ያለ ግብ በተለያዩበት በመጀመሪያው የአገሮች ጨዋታ ስኮትላንዳውያኑ ኳስ እየተቀባበሉ ለመጫወት መሞከራቸው የአዲሱ ዘመን ምልክት ተደርጎ ይወሳል።

ከሦስት ወደ ሁለት

ሕግ በወጣ ቁጥር ሕጉን መሣሪያ የሚያደርግ ብልጥ አይጠፋም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኒውካስል ዩናይትድ ተከላካይ የነበረው ቢል ማክራከን እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ሦስት ተጋጣሚ ያስፈልጋል ማለት ግብ ጠባቂውና ሁለት ተከላካዮች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። እንግዲያስ ከሁለቱ ተከላካዮች አንደኛው ብቻ ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት ቢራመድ የተጋጣሚው አጥቂዎች ሁሉ ኦፍሳይድ ይሆናሉ። ማክራከን ይህን የኦፍሳይድ ወጥመድ ወደ ጥበብ ደረጃ አደረሰው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በ1907 በራስ አጋማሽ ሜዳ ውስጥ ኦፍሳይድ እንዳይኖር ቢደረግም ፊሽካው አልበረደም። ግብ እየነጠፈ፣ ተመልካች እየተሰላቸ ሄደ።

በ1925 ሕግ አውጪዎቹ ሦስቱን ወደ ሁለት ዝቅ አደረጉ። ውጤቱ ወዲያው ታየ። በእንግሊዝ ሊግ በ1924-25 የውድድር ዘመን በ1,848 ጨዋታዎች 4,700 ግቦች ተቆጥረው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው የጨዋታ ብዛት የግቡ ቁጥር 6,373 ደረሰ። አርሰናል በጥቅምት 1925 በኒውካስል 7 ለ 0 ተሸነፈ። አሠልጣኙ ኸርበርት ቻፕማን ከአንጋፋው ተጫዋች ከቻርሊ ቡካን ጋር መክሮ የመሀል አማካዩን ወደ ኋላ ስቦ ሦስተኛ ተከላካይ አደረገው። «ደብልዩ ኤም» የተባለው አሰላለፍ የበቀለው ከዚህ ነው። አንዲት ቁጥር ተለወጠች፤ የሃያ ሁለት ሰዎች አቋቋም አብሮ ተለወጠ።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ለ65 ዓመታት ያህል በፍሬ ነገሩ ጸና። በ1990 ደግሞ ሦስተኛው ታላቅ ማሻሻያ መጣ። እስከዚያ ድረስ አጥቂው ከመጨረሻው በፊት ካለው ተጋጣሚ ጋር እኩል ከቆመ ኦፍሳይድ ነበር። ከ1990 ወዲህ «እኩል» የቆመ ሰው ከጨዋታ ውጪ አይደለም ተባለ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በልልኝ። አንደኛ፣ በ1866፣ በ1925፣ በ1990 ሕጉ የተለወጠው በግልጽ ነው። ችግሩ ታይቶ፣ ተመክሮበት፣ ድምፅ ተሰጥቶበት፣ ተጽፎ ወጣ። ሁለተኛ፣ ሦስቱም ጊዜ ለውጡ ያዘነበለው ወደ አንድ ወገን፣ ማለትም ግብ ለማስቆጠር ወደሚደፍረው ወደ አጥቂው ነበር።

የዓይን አቅም

የመስመር ዳኛ የተጫነበት ሸክም ቀላል አይደለም። ኳሱ የተመታበትን ቅጽበትና ከዚያ ምናልባት 40 ሜትር ርቀት ላይ ያለውን የአጥቂውን አቋም በአንድ ጊዜ ማየት አለበት። በ2000 የአምስተርዳም ተመራማሪዎች «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጥናት የመስመር ዳኞች ስሕተት በአብዛኛው ከአድልዎ ሳይሆን ከቆሙበት ቦታ የሚመነጭ መሆኑን አሳይተዋል። ዳኛው ከመስመሩ ትንሽ እንኳ ቀደም ወይም ዘግየት ብሎ ከቆመ የሚያይበት ማዕዘን ያታልለዋል።

የእግር ኳስ ባለሥልጣናት ይህን የሰው ልጅ ድክመት በሌላ ሰብዓዊ ብልሃት አካካሱት። ለመስመር ዳኞች ይሰጥ የነበረው ምክር «ከተጠራጠርህ ባንዲራህን አታንሣ» የሚል ነበር። ይህ በወንጀል ሕግ ጥርጣሬ ለተከሳሹ ይተርጎም ከምንለው መርሕ ጋር አንድ ነው። «እኩል» የምትለው ቃልም በዓይን ለሚፈርድ ሰው የተጻፈች እንደ መሆኗ ስፋት ነበራት። ሁለት ሰዎች እኩል የሚመስሉበት የአንድ ጫማ ያህል ቦታ የአጥቂው ርስት ነበር።

ይሁን እንጂ ዓይን ከጥርጣሬም አልፎ ፈጽሞ የሚስትበት ጊዜ አለ። ሰኔ 27 ቀን 2010 በደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ በአንድ ቀን ሁለት እንዲህ ያሉ ስሕተቶች ተፈጸሙ። በብሉምፎንቴን የእንግሊዙ ፍራንክ ላምፓርድ ጀርመን ላይ የመታት ኳስ የግብ መስመሩን በግልጽ ካለፈች በኋላ አልተቆጠረችም። ማታ በጆሃንስበርግ ደግሞ የአርጀንቲናው ካርሎስ ቴቬዝ ሜክሲኮ ላይ በገሃድ ከጨዋታ ውጪ ሆኖ ግብ አገባ። ድጋሚ ምስሉ በስታዲየሙ ትልቅ ሰሌዳ ላይ ታየ። ሕዝቡ አየ፤ ሜክሲኮዎችም አይተው ዳኛውንና ረዳቱን ከበቡ። ነገር ግን ደንቡ በቪዲዮ መፍረድን አይፈቅድምና ግቡ ጸደቀ። በሰማንያ ሺህ ሕዝብ ፊት እውነቱ ታይቶ ፍርዱ ሐሰት የሆነበት ያ ምሽት የቀድሞውን ሥርዓት መሠረት ናደው። የፊፋው ፕሬዚዳንት ሴፕ ብላተር ለሁለቱም አገሮች ይቅርታ ጠየቁ። በ2012 የግብ መስመር ቴክኖሎጂ ተፈቀደ፤ በ2016 የቪዲዮ ረዳት ዳኛ ሙከራ ተጀመረ፤ መጋቢት 3 ቀን 2018 ቫር በሕግ ጸደቀ። በዚያው ዓመት በሩሲያው ዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ ዋለ። ከውድድሩ ዳኞች ዝርዝር ውስጥ የእኛው ባምላክ ተሰማ አንዱ ነበር።

መለካትና መዳኘት

ቫር ሲመጣ የተሰጠው ተስፋ ልከኛ ነበር። መሣሪያው ጣልቃ የሚገባው «ግልጽና የማያሻማ ስሕተት» ሲኖር ብቻ ነው ተባለ። የቴቬዝን ዓይነት ስሕተት ማረም ማለት ነው። ማን ይጠላዋል?

ኦፍሳይድ ግን ከዚህ ገደብ ውጪ ሆነ። አቋም የአስተያየት ሳይሆን የሐቅ ጉዳይ ነው ተብሎ፣ የሐቅ ጉዳይ ደግሞ ግልጽ ወይም ድብቅ ስሕተት የለውም፤ ትክክል ወይም ስሕተት ብቻ ነው ተባለ። ስለሆነም በቴሌቪዥን ምስል ላይ መስመር እየተሰመረ ትከሻ፣ ጉልበት፣ የጫማ ጫፍ ይለካ ጀመር። ክንድ ለኦፍሳይድ አይቆጠርምና ክንድ የሚጀምረው ከየት ነው የሚል ክርክር ተነሣ። በ2020 ሕግ አውጪዎቹ ድንበሩ የብብት ታችኛው ጫፍ ነው ብለው ደነገጉ። በ1863 የአድብቶ አዳሪን ጠባይ ሲቀጣ የነበረው ሕግ የብብት ሕግ ሆነ።

«ሐቅ» የተባለውም ነገር ሲመረመር እንደ ስሙ ጠንካራ አይደለም። ስሌቱ ቀላል ነው። በሴኮንድ 50 ምስል የሚያነሣ ካሜራ በአንዱና በሚቀጥለው ምስል መካከል የ0.02 ሴኮንድ ክፍተት አለው። በሴኮንድ 8 ሜትር የሚሮጥ አጥቂ በዚህች ክፍተት 16 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። ተከላካዩ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሮጥ ከሆነ ልዩነቱ ከዚያም ይበልጣል። ታዲያ ኳሱ የተመታው በየትኛው ምስል ላይ ነው? ይህን የሚመርጠው ከስክሪን ፊት የተቀመጠ ሰው ነበር። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከ2021-22 ጀምሮ መስመሮቹን ማወፈሩ፣ ለአጥቂው ጥቂት ርስት መመለሱ፣ ይህን ድክመት እንደ መቀበል ይቆጠራል።

በ2022 በኳታር ከፊል አውቶማቲክ የሆነው ዘዴ መጣ። 12 ካሜራዎች የእያንዳንዱን ተጫዋች እስከ 29 የሚደርሱ የአካል ነጥቦች በሴኮንድ 50 ጊዜ ይከታተላሉ፤ በኳሱ ውስጥ ያለው ሴንሰር በሴኮንድ 500 ጊዜ መልእክት ይልካል። ስሕተቱ በጣም ጠበበ። «እኩል» የምትለው ቃልም የዚያኑ ያህል ጠበበች። በሚሊ ሜትር ሲለካ እኩል የሚቆሙ ሁለት ሰዎች በዓለም ላይ የሉምና። በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ በዶርትሙንድ ከተማ ዴንማርክ ጀርመን ላይ ያስቆጠረችው ግብ የተሻረው የቶማስ ዴሌይኒ የእግር ጣት ከመስመሩ በማለፉ ነበር። ዴሌይኒ ሾልኮ አልገባም፤ አላደባም፤ በጣቱም ያገኘው ብልጫ የለም። ዴንማርክም 2 ለ 0 ተሸንፋ ወደ አገሯ ተመለሰች።

የ1990ው ማሻሻያ በጽሑፍ ዛሬም አለ። «እኩል የሆነ ከጨዋታ ውጪ አይደለም» ይላል። ነገር ግን እኩልነት የማይገኝበት መለኪያ ከመጣ፣ እኩል ለሆነ ሰው የተሰጠ መብት ምን ይጠቅማል? ሦስት ጊዜ በድምፅ ወደ አጥቂው ያዘነበለው ሕግ አራተኛውን ጉዞ ወደ ኋላ ያደረገው ያለ ድምፅ ነው።

የመሣሪያው ወዳጆች የሚሉት

የተቃራኒውን ወገን ክርክር ሳያቀርቡ መፍረድ ከምሁር አይጠበቅም። ኅዳር 22 ቀን 2022 በኳታር አርጀንቲና ሳዑዲ ዓረቢያን ስትገጥም በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ሦስት ግቦቿ በኦፍሳይድ ተሻሩ። አንዱ የሜሲ፣ ሁለቱ የላውታሮ ማርቲኔዝ ነበሩ። ሳዑዲዎች በድፍረት መስመራቸውን ወደ ፊት አውጥተው ቆመው ነበር፤ በመጨረሻም 2 ለ 1 አሸነፉ። በድሮው ዘመን በሜሲ ላይ ሦስት ጊዜ ባንዲራ የማንሣት ልብ የሚኖረው የመስመር ዳኛ ስንት ነበር? መሣሪያ ታላቅ ስም አይፈራም፤ የደጋፊ ጩኸት አይሰማም፤ ጉቦም አይበላም። ለትንንሽ ቡድኖችና ለትንንሽ አገሮች ይህ እንደ ዋዛ የሚታይ ጉዳይ አይደለም። በአድሏዊ ዳኛ የተቃጠለ ሰው ልበ ቢስ ገመድ ቢመርጥ አልፈርድበትም።

እኔም መሣሪያው ይጣል አልልም። የምለው፣ መሣሪያው የሚመልሰው «የት ነበር?» የሚለውን ጥያቄ ብቻ ነው። «ታዲያ ምን ይሁን?» የሚለው የሕግና የሰው ጥያቄ ሆኖ ይቀራል። ይህንንም ከሁሉ አብልጦ ያስተማረን በ2023 የሆነው ነው።

ማንም ሊያስቆመው ያልቻለ ጨዋታ

መስከረም 30 ቀን 2023 ቶተንሃም ሊቨርፑልን በሜዳው አስተናገደ። በ34ኛው ደቂቃ፣ 0 ለ 0 እያሉ፣ የሊቨርፑሉ ሉዊስ ዲያዝ ግብ አገባ። የመስመር ዳኛው ባንዲራ አነሣ። በቪዲዮ ክፍል ያሉት ዳኞች መስመር አስምረው ሲያዩ ዲያዝ ከኦፍሳይድ ነጻ ነበር። መሣሪያው እውነቱን ተናግሯል። ነገር ግን የቪዲዮው ዳኛ በሜዳ ላይ የተሰጠው ውሳኔ «ግብ» የሚል መስሎት «ምርመራው ተጠናቋል» አለ። ይህ ቃል በሜዳ ላለው ዳኛ «ውሳኔህ ትክክል ነው» ማለት ነው። ውሳኔው ግን «ኦፍሳይድ» ነበርና ቶተንሃም ቅጣት ምቱን መትቶ ጨዋታው ቀጠለ።

ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ስሕተቱ በክፍሉ ውስጥ ታወቀ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 3 ቀን፣ ይፋ በሆነው የድምፅ ቅጂ እንደሚሰማው የድጋሚ ምስል ባለሙያው ነገሩን አስተዋለ፤ ጨዋታው እንዲቆም የጠየቀም ነበር። የቪዲዮው ዳኛ መልስ ግን ምንም ማድረግ አይቻልም የሚል ሆነ። ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ ወደ ኋላ መመለስን ደንቡ ይከለክላልና። ሊቨርፑል በጭማሪ ሰዓት በራሱ ተጫዋች በተቆጠረበት ግብ 2 ለ 1 ተሸነፈ። የዳኞቹ አካል «ከባድ የሰው ስሕተት» መፈጸሙን አመነ፤ ውጤቱ ግን ጸና።

በአባቶቻችን ዘመን አንድ ሰው «በሕግ አምላክ!» ካለ እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ይባል ነበር። መንገደኛ የነበረ ሁሉ ከመንገዱ ቆሞ ዳኛ ይሆናል፤ ተከራካሪዎቹም ይሰሙታል። የአባባሉ ቁም ነገር ፍትሕ ከሁሉ በፊት ስሕተትን የማስቆም ሥልጣን ነው የሚል ነው። በለንደኑ ክፍል ውስጥ ካሜራ ነበር፣ መስመር ነበር፣ እውነትም ነበር፤ «በሕግ አምላክ» የሚል ሥልጣን ያለው ሰው ግን አልነበረም። የ2010 ዳኞች እውነቱን ለማየት የሚያስችል ደንብ አልነበራቸውም። የ2023 ዳኞች እውነቱን አይተው ለመናገር የሚያስችል ደንብ አልነበራቸውም። በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ መሣሪያው ተራቀቀ፤ የደንብ እስረኝነቱ ግን እንዳለ ቆየ።

ሕጉ የማን ነው?

የእግር ኳስን ሕግ የሚያወጣው በ1886 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሕግ ቦርድ ነው። መሥራቾቹ የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስና የአየርላንድ ማኅበራት ሲሆኑ ፊፋ የገባው በ1913 ነው። ዛሬ አራቱ የብሪታንያ ማኅበራት አንድ አንድ ድምፅ፣ ፊፋ ደግሞ አራት ድምፅ አላቸው። ሕግ ለመለወጥ ከስምንቱ ስድስቱ ያስፈልጋሉ። የፊፋ አባል ማኅበራት 211 ናቸው። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከብሪታንያ ውጪ ያለን 207ቱ ድምፃችን በእነዚያ አራት ድምፆች ውስጥ የተጠቀለለ ነው። አፍሪካ በዓለም ዋንጫ ቋሚ ቦታ እንድታገኝ ከታገሉት አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። የውድድር ቦታ በትግል ተገኘ፤ የሕግ ማውጫው ጠረጴዛ ግን ዛሬም ጠባብ ነው።

ሰው ሲጠየቅ መልስ አለው። በሰኔ 2024 ዎልቭስ የተባለው ክለብ ቫር ይቅር ብሎ ለፕሪሚየር ሊግ ጉባኤ ሐሳብ ሲያቀርብ ሃያው ክለቦች 19 ለ 1 በሆነ ድምፅ ውድቅ አደረጉት። በዚያው ዓመት በስዊድን፣ የክለቦች አብላጫ ድምፅ በአባላት እጅ በሆነበት አገር፣ ክለቦቹ ቫርን እምቢ አሉ። ሁለቱ ውሳኔዎች ተቃራኒ ናቸው፤ እኔ ሁለቱንም አከብራለሁ። ሁለቱም በግልጽ ተጠይቀው በግልጽ የተመለሱ ናቸውና። «እኩል» የምትለውን ቃል ግን ይሻር ወይስ ይጽና ብሎ ማንንም የጠየቀ የለም።

በእኔ አስተያየት የሚበጀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የጥርጣሬው ርስት በሕጉ ውስጥ በቁጥር ይጻፍ፤ አጥቂው ከዚህን ያህል ሳንቲ ሜትር በታች ካለፈ «እኩል» ይባል። ከሰውነቱ አንዳች ክፍል ከተከላካዩ ጋር እኩል ከሆነ ነጻ ይሁን የሚለው የአርሴን ቬንገር ሐሳብም በዚሁ መንፈስ ሊመረመር ይገባዋል። ሁለተኛ፣ የቪዲዮ ክፍሉ ውይይት ቅሬታ ሲነሣ ብቻ ሳይሆን ዘወትር ይፋ ይሁን። በ2023ቱ የሴቶች ዓለም ዋንጫ ዳኞች ውሳኔያቸውን በድምፅ ማጉያ ለተመልካች ማስረዳት መጀመራቸው ጥሩ ጅምር ነው። ሦስተኛ፣ ስሕተቱን ያወቀ ሰው ጨዋታውን የሚያስቆምበት ጠባብም ቢሆን አንድ በር ይከፈት።

በየዲኤስቲቪ ቤቱ ግብ ሲገባ ወጣቶቻችን እንደ ድሮው ወዲያው አይጨፍሩም፤ በመጀመሪያ ስክሪኑን ያያሉ፤ ከሩቅ አገር ክፍል የሚመጣውን ቃል ይጠብቃሉ። ደስታን ለማየት እንኳ ፈቃድ መጠበቅ የለመደ ትውልድ፣ ፈቃዱን የሚሰጠው ማን እንደ ሆነና በምን ሕግ እንደሚሰጥ መጠየቅንም አብሮ ቢለምድ እወዳለሁ።

ቸር እንሰንብት።